ከሰሜን ጫፍ የመጡት የሐዋሳ እንግዶች

ቁርኣን በሱረቱል ሙልክ 19ኛ አንቀጽ ከበላያችን የሚበሩትን ወፎች እንድናስተውል ያሳስበናል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል፣ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቀውን አባ ኮዳ የማያውቅ ልጅ የለም። በጭቃማው ዳርቻ የምትሯሯጠውን፣ ድንቢጥ የምታክለውን ወፍ ግን ስንቶቻችን አስተውለናል?

ይህች ወፍ ክብደቷ ከ20 እስከ 30 ግራም ገደማ ነው። የተፈለፈለችው ግን በሩሲያና በኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአርክቲክ ምድር ነው። በዚያ በሰኔ ፀሐይ ለሳምንታት አትጠልቅም፤ ትንኙና ዝንቡ ይርመሰመሳል። ወፏም አብዛኛውን ጊዜ 4 እንቁላል መሬት ላይ ጥላ ትፈለፍላለች። ብርዱ መጥቶ ምግቡ ሲጠፋ ወደ ደቡብ ትበራለች፤ ከመስከረም እስከ ሚያዝያም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር ትታያለች።

የመልሱን ጉዞ የምትወጣው እዚህ በልታ ባጠራቀመችው ስብ ነው። ልጆች ድንጋይ ወርውረው ባስነሷት ቁጥር ስንቋ ይባክናል፤ የተጣለ የመረብ ክርም እግሯን ይተበትባል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁን በማለዳ ይዛችሁ ውጡ፤ ራቅ ብላችሁ በጸጥታ ተመልከቱ። እንግዳን ማክበር ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም።