ውድ መኪና፣ የሚያጣብቅ ቁልፍ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያኗ ማራኔሎ የወጡ የፌራሪ መኪኖች አንድ የታወቀ የውስጥ ሕመም አለባቸው። የመስኮት ማውጫና ማውረጃ ቁልፎች፣ የአየር ማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ፣ የአየር ማስወጫዎቹ፣ የበሩ መያዣ ዙሪያና በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለው ጥቁር ክፍል ዕድሜያቸው ሲገፋ ወዝ ያወጣሉ። ጣት ያረፈበት ቦታ ይይዛል፤ ሲለቅም ጥቁር ቅሪት ጣት ላይ ይተዋል። በ1994 የወጣው ኤፍ 355፣ በ1996 የተከተለው 550 ማራኔሎ፣ በ1999 የመጣው 360 ሞዴና ከዚህ አላመለጡም። የማዜራቲው 3200 ጂቲም እንዲሁ። ሞተሩ እንደ ድሮው የሚያገሳ፣ የወንበሩ ቆዳ ያልተሸበሸበ መኪና ውስጥ መስኮት ለማውረድ ጣትን በሙጫ መለወስ ግድ ይሆናል።

የሚበላሸው ፕላስቲኩ ራሱ አለመሆኑ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ክፍሎቹ በአብዛኛው የተቀረጹት ኤቢኤስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ኤቢኤስ ከፖሊካርቦኔት ጋር ከተቀላቀለበት ዓይነት ነው። ይህ ፕላስቲክ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላም ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። የሚሟሟው በላዩ ላይ የተረጨው፣ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጥ ለስላሳ ቅብ ነው። ፋብሪካዎች ይህን ቅብ የወደዱበት ምክንያት ነበራቸው። ደረቅ ፕላስቲክ ሲያዩት ርካሽ ይመስላል፣ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ ፀሐይ ሲያርፍበትም በፊት መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል። ለስላሳው ቅብ ግን ብርሃን ይውጣል፤ ለእጅም የጎማ ወይም የስስ ቆዳ ስሜት ይሰጣል። በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ፕላስቲኩ ሲፈስ የሚተወውን መስመርና ጠባሳም ይሸፍናል። በዓመት ጥቂት ሺህ መኪና ብቻ ለሚሠራ ፋብሪካ ይህ ቀላል መፍትሔ ነበር።

ቅቡ የፖሊዩሬቴን ወገን ነው። ፖሊዩሬቴንን እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመን ሌቨርኩዘን የፈጠሩት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ ዛሬ ከፍራሽ ስፖንጅ እስከ ጫማ ሶል ድረስ ይገባል። ለእንዲህ ያለው ቅብ የዋለው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በሞለኪውሎቹ ረጅም ሰንሰለት ውስጥ ኤስተር የሚባሉ ማያያዣዎች አሉት። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ እያለ ወደ ቅቡ ይሰርግና እነዚህን ማያያዣዎች ይበጥሳል። ኬሚስቶች ሂደቱን ሃይድሮሊሲስ ይሉታል። አንድ ማያያዣ በተበጠሰ ቁጥር አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱ ደግሞ የሚቀጥለውን መበጠስ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ጉዳቱ ለዓመታት ሳይታይ ይቆይና ከጀመረ በኋላ ይሮጣል። ረጅሙ ሰንሰለት ሲቆራረጥ ጠጣሩ ቅብ ወደ ወፍራም ፈሳሽ ይጠጋል፤ ጣት ላይ የሚቀረውም ይኸው ነው። ለበዓል ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ የቆየ ጫማ አንድ ቀን ሲያወጡት ሶሉ የሚፈረፍረው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ሂደት ነው። የሙዚየም ባለሙያዎችም ፖሊዩሬቴንን ለማቆየት ከሚያስቸግሯቸው ፕላስቲኮች ተርታ ያስቀምጡታል።

ሙቀት ሂደቱን ያፋጥነዋል። ከእጅ የሚመጣ ላብ፣ የእጅ ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ደግሞ ቅቡን ያለሰልሱታል። መኪናውን አለመንዳት ግን አያድነውም። መስኮቱ ተዘግቶ ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ ፌራሪም ያጣብቃል፤ እርጥበቱ መኪናው ይነዳ አይነዳ አይጠይቅም። በዱባይና በዶሃ ዓይነት የባሕር ዳር ከተሞች ሙቀትና እርጥበት አብረው ስለሚመጡ ቅቡን የሚያበላሹት ሁለቱ ነገሮች እዚያ በአንድ ላይ ይገኛሉ። የሚገርመው ብዙ ርካሽ መኪኖች ከዚህ ነፃ መሆናቸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አሁንም የሚሽከረከሩት የዚያ ዘመን ኮሮላዎች ቁልፋቸው ቀለሙ ከመቀረጹ በፊት ከፕላስቲኩ ጋር የተቀላቀለ ነው። ሊደበዝዝ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ተሟሙቶ እጅ ላይ የሚቀር ቅብ ግን የለውም።

ችግሩ የገጠመው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማጠብ ነው። ሳሙና ለጥቂት ቀን ያሻሽለዋል፤ ከዚያ ይመለሳል። አንዳንዱ የሕፃን ፓውደር ይነሰንስበታል። ፓውደሩ ማጣበቁን ይደብቃል፣ ነገር ግን ጥቁሩን ክፍል አመድ ያስመስለዋል፤ ከሙጫው ጋር ተለውሶም በኋላ የሚመጣውን ሥራ ያከብደዋል። ዳሽቦርድ የሚያብረቀርቁ የሲሊኮን ስፕሬዮች ከሁሉም የባሱ ናቸው። ቅቡን አያድኑም፣ ቀጥሎ የሚረጨው ቀለምም እንዳይይዝ ያደርጋሉ። አዲስ ቀለም በሙጫው ላይ መቀባትም ከንቱ ድካም ነው፤ ከሥሩ ያለው መሟሟቱን ስለማያቆም አዲሱ ይሸበሸብና ይላቀቃል። የሞተው ቅብ ከሥሩ መነሳት አለበት።

ከዚያ በፊት ግን ምርመራ ያስፈልጋል። በማይታይ ጥግ ላይ አልኮል በነካ ነጭ ጨርቅ ሲታሽ ጨርቁ ቶሎ ጠቁሮ ከሥሩ ደረቅና ልሙጥ ፕላስቲክ ከታየ፣ ችግሩ ቅቡ ነው። ጥፍር በገባበት ሁሉ ለስላሳ ሆኖ ከቀጠለ ግን ክፍሉ ከላይ እስከ ታች ጎማ ነክ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው አይታደስም፤ ይለወጣል እንጂ።

የማንሳቱ ሥራ መኪናው ውስጥ እንዳለ ሊሠራ ይችላል፤ ጥሩ ሥራ የሚወጣው ግን ክፍሎቹ ሲፈቱ ነው። የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ቀድሞ ይነቀላል። ኤርባግ ባለበት አካባቢ የሚፈታ ነገር ካለም በአምራቹ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ያህል መጠበቅ ግዴታ ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ የፕላስቲክ ጥርሶች ደረቅ ናቸው፤ በካቻቪቴ ሲፈነቀሉ ይሰበራሉ። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጎ በፕላስቲክ መፈንቀያ ቀስ ማለት ይሻላል። እያንዳንዱ ደረጃ ፎቶ ይነሳ፣ ብሎኖቹም በየከረጢታቸው ስም ተጽፎባቸው ይቀመጡ። ከወራት በኋላ መልሶ የሚገጥመው ሰው የትኛው ብሎን የት እንደነበር አያስታውስም። የኤሌክትሪክ ቁልፎች ሲሆኑ የላይኛው ሽፋን ከውስጠኛው መገናኛ ተለይቶ ብቻ ነው ፈሳሽ የሚነካው።

ለማንሳት በብዛት የሚመረጠው ከ90 በመቶ በላይ ንጥር የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ኤቢኤስን በአጭር ጊዜ ንክኪ አይጎዳም፣ የተሟሟውን ፖሊዩሬቴን ግን ያላላዋል። አልኮል የጠጣ ጨርቅ በክፍሉ ላይ ይጠቀለልና እንዳይተን በላስቲክ ይሸፈናል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቅቡ ጄሊ ሲመስል በፕላስቲክ መፋቂያ ይገፈፋል። በጥጋጥጉና በአየር ማስወጫው ክንፎች መካከል የጥርስ ብሩሽ ይገባል። ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ካልተለወጠ ሙጫውን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ማዞር ብቻ ይሆናል፤ ጀማሪ ትዕግሥቱ የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው። ክፍሉን አልኮል ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ግን አደጋ አለው። በተለይ ፖሊካርቦኔት ያለበትና ተወጥሮ የተገጠመ ክፍል ቀጫጭን ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል።

አሴቶን፣ ቲነርና ቤንዚን ከዚህ ሥራ መራቅ አለባቸው። አሴቶን ኤቢኤስን ራሱን ያቀልጠዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የነካው ቁልፍ የጣት አሻራ እንደታተመበት ይቀራል፤ ይህ በብርጭቆ ወረቀት ካልሆነ አይወጣም፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይወጣም። አልኮል ያልበገረውን ቅብ አንዳንድ ባለሙያዎች ኮስቲክ ሶዳ ባለበት የምድጃ ማጽጃ ያነሱታል። ኤስተርን የሚበጥስ አልካሊ ስለሆነ እርጥበት በዓመታት የሠራውን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ነገር ግን ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፣ አልሙኒየምንም ይበላል። ጓንትና መነጽር ሳይኖር አይነካም፤ ከሥራው በኋላም ክፍሉ በብዙ ውኃ ይታጠባል። አልኮሉ በበኩሉ በቀላሉ ይነዳል። ሥራው መስኮት በተከፈተበት፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ቦታ ይሁን።

ቅቡ ሲነሳ ከሥሩ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ፕላስቲክ ይገኛል። መልኩ የሚያጠግብ ከሆነ እዚያው ማቆም ይቻላል። ለማይታይ ክፍል፣ ለምሳሌ ለዕቃ ማስቀመጫው ውስጠኛ ግድግዳ፣ ቀለም መጨመር ትርፍ ወጪ ነው። ዓይን ውስጥ የሚገቡት ግን መቀባታቸው አይቀርም። ክፍሉ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ታጥቦ ይደርቃል፤ ከ600 እስከ 800 ቁጥር በሆነ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ በስሱ ይታሻል፤ ከዚያ የፕላስቲክ ፕራይመር፣ ቀጥሎም ከፊል ደብዛዛ ጥቁር ቀለም ይረጫል። ቀለሙ በስስ ንብርብር ይሁን። ወፍራም ከሆነ ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ይነክሳል፣ ተጭኖም አይመለስም። በእጅ ሲነኩት ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ከመገጠሙ በፊት ቀናት ይፈልጋል። በጥንካሬ የሚመረጠው ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ነው። ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት አለው፤ ጭጋጉ ሲተነፈስ ሳንባን ይጎዳል፣ አስም ያስይዛል። ተራ የአፍ መሸፈኛ አይከላከለውም። ስለዚህ እሱን ተገቢው መከላከያ ላለው የመኪና ቀለም ቀቢ መተው ነው።

እንደገና ለስላሳ ቅብ ማስረጨት የሚፈልጉም አሉ፤ መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ እንዲሆን ስለሚሹ ነው። ምኞታቸው ይገባል፤ ዛሬ ያሉት ለስላሳ ቅቦችም ከድሮዎቹ የተሻሉ ናቸው። ያም ሆኖ ለሚነዳ መኪና ጠንካራው ቀለም ይመረጣል። ከአንድ ሜትር ርቀት ልዩነቱ አይታወቅም፤ ጥቂት የእጅ ስሜት ቢያጎድልም ዳግመኛ አያጣብቅም።

ከሁሉ የሚያስቸግሩት የቁልፎቹ ምልክቶች ናቸው። የመብራት፣ የመስኮትና የማራገቢያ ሥዕሎቹ ብዙ ጊዜ ያሉት በቅቡ ላይ ስለሆነ ከቅቡ ጋር አብረው ይታጠባሉ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ምልክት ከነመጠኑና ከነቦታው በፎቶ ካልተያዘ ኋላ በግምት መሥራት ነው። ማታ የማይበራ ምልክት በውኃ በሚለጠፍ ስስ ሥዕል ይተካና ደብዛዛ መከላከያ ይረጭበታል። ከውስጥ የሚበራው ግን ሌላ አሠራር አለው። ነጩ ፕላስቲክ በጥቁር ይሸፈንና ጥቁሩ በሌዘር በምልክቱ ቅርጽ ተቀርጾ ይነሳል፤ ብርሃኑም በዚያ ያልፋል። ይህ የቤት ሥራ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህንኑ ብቻ የሚሠሩ አነስተኛ ድርጅቶች አሉ፤ ባለቤቶች ቁልፎቻቸውን ፈትተው በፖስታ ይልኩላቸዋል።

አዲስ ክፍል መግዛት የተሻለ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከዓመታት በፊት ተመርቶ መጋዘን የተቀመጠ ዕቃ ያንኑ ቅብ ለብሶ ነው የቆየው። ያልተገጠመ ክፍል ከነማሸጊያው ተጣብቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከሌላ መኪና የተፈታ ያገለገለ ዕቃም ያው ነው።

ቅቡ ገና ያልተበላሸበት መኪና ያለው ሰው ሂደቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ደረቅና አየር የሚዘዋወርበት ማቆሚያ፣ የፀሐይ መከላከያ ሸራ፣ በጥቂት ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና ብቻ ማጽዳት ዓመታት ሊጨምርለት ይችላል። በአልኮል የተነከረ መጥረጊያ ግን ጤነኛውንም ቅብ ስለሚጎዳ አይነካው።

የዚያን ዘመን የስፖርት መኪና ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የመስኮቱን ቁልፍና የአየር ማስወጫውን በጣቱ ይንካ። ካጣበቀ የማደሻውን ዋጋ ከሒሳቡ ያስቀንስ። ካላጣበቀ ደግሞ መቼና በምን ቀለም እንደታደሰ ሻጩን ይጠይቅ፤ ፓውደር የተነሰነሰበት ቁልፍም ለአንድ ቀን አያጣብቅም።