በቤት ስለሚጋገር ዳቦና ስለ ቤት ወጪ

ደመወዙ የተቈጠረ፤ ቤተሰቡ ግን የበዛ ሰው የዳቦ ዋጋ ከፍ ባለ ቍጥር የቤቱ ሚዛን እንዴት እንደሚናጋ ከማንም ይልቅ ራሱ ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የስንዴ ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ወጣ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ተወደደ። ዋጋ መጨመር ያልደፈረ ባለ ዳቦ ቤትም ዳቦውን ማሳነስ ይቀለዋል፤ ገዢው የያዘው ቍጥር ያው ስለ ሆነ ክብደቱ መቅለሉን የሚያስተውለው ልጆቹ ሳይጠግቡ ከገበታ በተነሡ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ነገር ሲወራ ብዙ ሰው መንግሥት ምን ያደርጋል፤ ነጋዴስ ምን ያደርጋል ብሎ ይጠይቃል። መጠየቁ አይነቀፍም። ዳሩ ግን በየጓዳው ተደፍቶ የተቀመጠው ምጣድም አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል።

የተጋገረ ዳቦ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለዱቄት ብቻ አይደለም፤ ለቤት ኪራይ፤ ለሠራተኛ፤ ለማገዶ፤ ለአመላላሽና ለቸርቻሪም ይከፍላል። ከዚህም በላይ ውኃ በገንዘቡ ይገዛል። 1 ኪሎ ዱቄት 600 ግራም ያህል ውኃና 20 ግራም ጨው ተጨምሮበት ሲቦካ ሊጡ ከ1 ኪሎ ተኩል ያልፋል፤ እሳት ጥቂቱን ቢወስድበት እንኳ ወደ 1 ኪሎ ከ400 ግራም የሚጠጋ ዳቦ ይወጣዋል። ይህ ትርፍ በዳቦ ቤት ሲሆን የባለቤቱ ነው፤ በጓዳ ሲሆን ግን የልጆች ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ቍጠባ ያለው በወፍጮ ቤት ነው። ፋብሪካ ከ1 ኩንታል ስንዴ ነጩን ፉርኖ ዱቄት ከ70 እስከ 75 ኪሎ ያህል ያወጣና የቀረውን ፉርሽካ ለከብት መኖ ይሸጠዋል። እህሉን ገዝቶ፤ አበጥሮና ለቅሞ በሰፈር ወፍጮ ያስፈጨ ቤተሰብ ግን ለከብት ይሄድ የነበረውን ለራሱ ያስቀራል። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንዴ በመርከብ ማስመጣት በከበዳቸው ጊዜ፤ በ1942 እ.ኤ.አ. ከስንዴው 85 ከመቶው በዱቄቱ ውስጥ እንዲቀር በሕግ አዘዙ፤ ሕዝቡም ዳቦው ጠቈረብን እያለ ቢያጕረመርም በልቶት አደረ። በኢትዮጵያ ከተሞች ነጭ ዳቦ የሥልጣኔ ምልክት መስሎት የጠቈረውን ለእንግዳ ማቅረብ የሚያፍር ሰው እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ስንዴውም ብቻውን እንዲሆን ግድ የለም። ገብስ፤ በቆሎ ወይም ማሽላ በዋጋ ያነሰ እንደ ሆነ ከ5 እጅ 1 እጅ ቢገባበት ዳቦው መነሣቱን አይተውም። ከዚያ እየበዛ ሲሄድ ግን ይከብዳል። ሊጡን የሚያያይዘውና እርሾው የሚፈጥረውን አየር አፍኖ የሚያስቀረው በስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባለው ነገር ነውና፤ በቆሎና ማሽላ ይህ የላቸውም፤ የገብሱም ደካማ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የእርሻና የምግብ ድርጅት ስለ ድብልቅ ዱቄት በ1964 እ.ኤ.አ. ሰፊ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የባላገር ባልቴት ግን ልኩን ከዚያ አስቀድማ በእጇ ታውቀው ነበር።

በመልቀሙ ላይ መስነፍ ከቶ አይገባም። እንክርዳድ የገባበት ዳቦ ራስ ያዞራል፤ ያሰክራልም፤ ወንጌልን የሚያነብ ሰው ስሙን ያውቀዋል። ከዚህ የከፋም አለ። በ1970 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሰዎች እጅና እግራቸው እየጠቈረና እየሞተ የታመሙት፤ በእህል ራስ ላይ እንደ ጥቍር ፍሬ የሚያድግ ሻጋታ ከገብሱ ጋራ ተፈጭቶ ስለ ተበላ ነው። ርካሽ እህል ሲገኝ ደስ ብሎት የሚገዛ ሰው ሰፌዱን መርሳት የለበትም።

እርሾን በተመለከተ ጊዜ ገንዘብን ይተካል። በሁለት ሰዓት ይነሣ ለተባለ 1 ኪሎ ዱቄት 10 ግራም ያህል የደረቅ እርሾ ያስፈልገዋል፤ ማታ ተቦክቶ ለሚያድረው ግን 2 ግራም ይበቃዋል። ካለፈው ሊጥ ጭብጥ አስቀርታ በማሰሮ የምታኖር እመቤት ደግሞ ምንም አትገዛም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርዳም ደጋ ሊጡ ቢዘገይ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ጨርቅ አልብሶ ከምድጃ አጠገብ ማሳደር ነው። ሊጡ ረጠብ ብሎ ካደረ ብዙ ማሸትም አይሻም። ዶሪስ ግራንት የተባለች እንግሊዛዊት በ1944 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ሳይታሽ የሚጋገር የሙሉ ስንዴ ዳቦ ለሕዝብ አስተምራለች። ሳይቸኵል የቦካ ሙሉ ዱቄት ሌላም ጥቅም አለው፤ በገለባው ውስጥ ታስሮ የነበረውን ብረትና ዚንክ ሰውነት በተሻለ እንዲወስደው ያደርጋል።

የቀረው እሳት ነው፤ እዚህ ላይ ያልተጠነቀቀ ሰው በዱቄት ያተረፈውን በማገዶ ይከስራል። እንጀራ ተጋግሮ እንዳለቀ ምጣዱ ሳይበርድ ኮባ አንጥፎ አንድ ትልቅ ድፎ መድፋት ይሻላል፤ በላዩ የብረት ክዳን ተከድኖ ፍም ይደረግበታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ከታች ሲበስል ይገለብጠዋል። ወተትና ቅቤ ካልገቡበት ለጾም ይሆናል፤ ጥቍር አዝሙድ ቢነሰነስበት ሽታው ቤቱን ይሞላል፤ ባይነሰነስም ዳቦ ነው።

ይህ ነገር ማኅበርንና ሰንበቴንም ይነካል። ተራው የደረሰ ድኻ ከዳቦ ቤት ነጭ ዳቦ በብዛት ገዝቶ ማቅረብ እንደ ግዴታ እየተቈጠረበት ለዝክሩ የሚበደር አለ፤ አፍሮ ከማኅበሩ የሚወጣም አለ። ሙሴው ወይም የንስሐ አባቱ ገብስ የተቀላቀለበትን የቤት ድፎ ባርኮ ቀድሞ ቢቈርስና ቢያመሰግን፤ በሚቀጥለው ወር ባለ ተራ የሚሆነው ሰው ትንፋሹን ያወርዳል።

ድፎው ከወጣ በኋላ እስኪበርድ መታገሥ ያስፈልጋል። ትኵሱ ሲቈረስ ይፈረፈራል፤ ደግሞም ትኵስ ዳቦ በልኩ የሚበላ ልጅ በየት አገር ይገኛል? የበረደው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ሲደርቅም ለቍርስ ፍርፍር ይሆናል።