ወደ ባላገር እየሄደ ስለሚያስተምርና ስለሚረዳ ተጓዥ ጋሪ

ገበሬ ትምህርትና እርዳታ የሚቀርበት ስላልፈለገው አይደለም፤ ከብቱንና አዝመራውን ትቶ ሩቅ መንገድ ለመሄድ ጊዜ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ትምህርቱንና እርዳታውን በጋሪ ጭኖ ወደ ገበሬው መውሰድ ጥቅሙ የታወቀ ሥራ ሆኗል።

በአሜሪቃ፥ በአላባማ ግዛት፥ የታስኪጊ ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ቡከር ዋሽንግተንና የእርሻ ሊቁ ጆርጅ ካርቨር እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. ይህን ሥራ ጀመሩ። ሞሪስ ጄሰፕ የሚባል የኒውዮርክ ባለጸጋ ገንዘብ ስለ ሰጠ የጄሰፕ ጋሪ ተባለ። በቅሎ እየሳበው ማረሻ፥ ዘርና የወተት ዕቃ ይዞ ይዞር ነበር፤ መምህሩ ቶማስ ካምቤልም በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ ሠርቶ ያሳይ ነበር። በ1918 ዓ.ም. በጋሪው ፈንታ ኦቶሞቢል ገባ፤ በኋላም የቤት አያያዝ የምታስተምር ሴትና አስታማሚ አብረው ይጓዙ ጀመር። በ1923 ዓ.ም. ለተገዛው አዲስ ኦቶሞቢል ገንዘብ ያዋጡት ገበሬዎቹ ናቸው። ሰው ላልጠቀመው ነገር ገንዘቡን አያወጣምና ይህ ለሥራው ታላቅ ምስክር ነው።

በኢትዮጵያም ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ያቋቋሙት ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በሐዋሳ በአህያ የሚሳብ የመጻሕፍት ጋሪ አሰማርቶ መጻሕፍትን ልጆች ወዳሉበት አድርሷል። ከዚህም ሥራውን ለመጀመር ውድ ኦቶሞቢል የግድ እንዳልሆነ ይታያል።

ጫንጮ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በአካባቢው ባለው የሱሉልታ ሜዳ ክረምት ውሃ ይተኛል፤ ክረምቱ ሲወጣ ድርቆሽ ይታጨዳል፤ ገበሬውም ላም እያረባ ወተት ይሸጣል። በመንገዱ ዳር ላለው ሰው የከብት ሐኪም ቅርብ ነው፤ ከጭቃው ማዶ ለሚኖረው ግን ሩቅ ነው። ላሚቱ በአባ ሰንጋ ወይም በአባ ጎርባ ከሞተች በኋላ ሐኪም ቢመጣ አይጠቅምም፤ ክትባት የሚሰጠው በሽታው ሳይገባ ነውና። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ሥጋ ሰውንም ስለሚገድል የከብት ሐኪምና የሰው አስታማሚ በአንድ ጋሪ ቢጓዙ ይገባል።

እንግዲህ አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ሰፊ ቦታ የያዙ ሰዎች የሚከተለውን ሊያስቡበት ይገባል።

አንደኛ፤ ጋሪው የሚመጣበት ቀን አስቀድሞ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይነገር፤ ቀኑም አይለወጥ።

ሁለተኛ፤ መቆሚያው ክረምት ከበጋ የሚደረስበት ደረቅ ጉብታ ይሁን። በሹም ወይም በባለጸጋ ደጅ ብቻ የቆመ እንደ ሆነ ድኻው ለእርሱ እንዳልመጣ አድርጎ ይቈጥረዋል።

ሦስተኛ፤ ክትባት በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ያለ በረዶ ሣጥን አይጫን።

አራተኛ፤ በየመንደሩ አንድ ሰው ተምሮ ይቅር፤ የተከተቡትን ከብቶች ይመዝግብ፤ በአባ ሰንጋ የሞተውን ሳይገፈፍ በጥልቅ ያስቀብር።

አንድ ጊዜ መጥቶ የቀረ ጋሪ ፈጽሞ ካልመጣው የከፋ ነው፤ ሕዝቡ ሁለተኛ ቢጠሩት አይወጣምና።