ባሕር የማይደርሱ ወንዞችና የፋብሪካ ፍሳሽ

ከወልዲያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚጓዝ ሰው አላውሃን ተሻግሮ ወደ ጎብዬ ሜዳ በገባ ጊዜ፣ በስተ ግራው የላስታን ደጋ ተደግፈው የቆሙትን ተራሮች፣ በስተ ቀኙም እስከ ዞብል ሰንሰለት ድረስ የተዘረጋውን የማሽላ አገር እያየ፣ ከምዕራብ የሚወርዱት ወንዞች ፊታቸውን ወዴት እንዳዞሩ ልብ ቢል አንድ ነገር ይገነዘባል፤ ይኸውም ክረምት ሲሆን ድንጋይ እያንከባለሉ የሚሞሉት፣ በጋ ሲሆን በአሸዋ ውስጥ የሚሸሸጉት እነ ጎሊናና ሆርማት፣ ወደ አፋር ቆላ ወርደው በዚያው ይቀራሉ እንጂ ባሕር የሚደርሱ አለመሆናቸውን ነው። በስተ ደቡብም ቦርከና ከደሴ ወርዶ፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን አልፎ ከአዋሽ ጋር ይደባለቃል፤ አዋሽም በበኩሉ ያን ሁሉ አገር ካጠጣ በኋላ በጅቡቲ ጠረፍ ላይ በአቤ ሐይቅ ይቆማል። ዐባይ የሰጡትን ተሸክሞ ከአገር የሚወጣ ወንዝ ሲሆን፣ የምሥራቅ ወሎ ወንዞች ግን የተቀበሉትን ሁሉ እዚሁ የሚያስቀምጡ ናቸው። ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ በሚነገርበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ይህ ሲሆን፣ በመሥሪያ ቤት ጽሑፎች ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ገጽ ላይ እንኳ አይገኝም።

ለዚህ ነገር በወሎ ዋናዋ ምስክር ኮምቦልቻ ናት። በዚያች ከተማ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራ፣ የሥጋና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተቀራርበው ሲሠሩ ኖረዋል፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆ በላያቸው ተጨመረ። ፍሳሻቸውን የሚቀበሉት ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ሁለት ትናንሽ ወንዞች ሲሆኑ፣ ሁለቱም የቦርከና ገባሮች ናቸው። በ2005ና በ2006 ዓ.ም. ገደማ ተመራማሪዎች ከአምስት ፋብሪካዎች መውጫና ከወንዞቹ ላይ ናሙና እየቀዱ መርምረው፣ ከቆዳው ፍሳሽ ክሮም፣ ከብረታ ብረቱ ፍሳሽ ዚንክ ከተፈቀደው ልክ እጅግ አልፎ እንደሚገኝ አሳወቁ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ጥናቱ ጥፋቱን ሁሉ በፋብሪካዎች ላይ ብቻ አልጫነም፤ ከከተማው ቦይና ከእርሻው ማሳ በዝናብ ታጥቦ የሚመጣውንም አብሮ ቆጥሯል። ነገር ግን የጥናቱ ትልቅ ጉድለት ከተመራማሪዎቹ ሳይሆን ከዘመኑ የመጣ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ከተተከሉ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ የተደረገ ልኬት በመሆኑ፣ ለዮሌ ከዚያ አስቀድሞ ምን ዓይነት ውኃ እንደ ነበረ የሚናገር ቁጥር አላገኘም።

ይህ ልኬት እንዴት እንደሚደረግ ማወቅ ለአንባቢ አይከፋም፤ ሥራው ከሩቅ እንደሚታየው ውኃ በጠርሙስ መቅዳት ብቻ አይደለምና። ቀጂው ወደ ወንዙ ገብቶ ጠርሙሱን በዚያው ውኃ ደጋግሞ ካለቀለቀ በኋላ፣ አፉን ወደ ወንዙ ምንጭ አቅጣጫ አዙሮ፣ ደለሉን ሳይነካ፣ ከመካከለኛው ወራጅ ይሞላል። ሙቀቱን፣ ኮምጣጣነቱንና በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን እዚያው ቆሞ ይለካል፤ እነዚህ ቀጠሮ የማይጠብቁ ናቸውና። ለብረት ምርመራ የሚሄደው ጠርሙስ ጥቂት አሲድ ይጨመርበታል፤ በውኃው ያለው ብስባሽ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚፈጅ የሚመረመርበት ደግሞ በበረዶ ተከቦ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ ደርሶ፣ በጨለማ በ20 ዲግሪ ሙቀት 5 ቀን መቀመጥ ይገባዋል። በጎብዬ ፀሐይ በረዶ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው፣ ከቆቦ ሜዳ ተቀድቶ ባሕር ዳር የሚላክ ናሙና ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ያለ ነጋሪ ይረዳል።

ሰዓቱም እንደ ስፍራው ይመረጣል። የቆዳ ፋብሪካን ለአብነት ብንወስድ፣ ለአንድ ኪሎ ጥሬ ቆዳ ከ30 እስከ 40 ሊትር ውኃ ይፈጃል፤ ቆዳው በኖራና በሰልፋይድ ጠጕሩ ከተገፈፈ በኋላ በክሮም ይለፋል፤ በተለመደው አሠራርም ከሚጨመረው ክሮም ሲሶ ያህሉ በቆዳው ሳይያዝ በውኃው ውስጥ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚፈስሰው ቀኑን ሙሉ በእኩል ልክ ሳይሆን በርሜሎቹ በተገለበጡ ቁጥር በመሆኑ፣ ጧት በሦስት ሰዓት መጥቶ አንዲት ጠርሙስ ሞልቶ የሚሄድ ተቆጣጣሪ፣ ሌሊት የተለቀቀውን ሳያይ የንጽሕና ምስክር ሊሆን ይችላል። ለመጠጥ ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ክሮም በአንድ ሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ይህን ያህል የረቀቀ ነገር በዓይንም በአፍንጫም አይለይም። ስለዚህ ከወንዙ በታች የሚኖረው ሰው፣ ከብቱን የሚያጠጣው እረኛ፣ ለጥምቀት የሚወርደው ካህንና ለሶላት ውዱእ የሚያደርገው ሼህ፣ ሁሉም ስለሚነኩት ውኃ የሚያውቁት የቆጠረ ሰው ሲነግራቸው ብቻ ነው።

በሕግ ረገድ ነገሩ አልተተወም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ለሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎ ሰጥቷል፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተከትለዋል፤ ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካ ሁሉ የራሱን ፍሳሽ እየተከታተለ በመዝገብ እንዲይዝ ያዝዛል። ሁለተኛው አዋጅ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት እንዲል፣ መልስ ካጣም ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መንገድ ከፍቷል። ደንቡ መዝገቡን በለቃቂው እጅ ማስቀመጡ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ሥራውን ግማሽ ላይ አቁሞታል፤ ፋብሪካው መዝገብ ሲኖረው የተፋሰሱ ሕዝብ የለውምና። በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች መበከል የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከስሶ ክሱ ውድቅ በሆነበት ጊዜ፣ በአዋጅ የተከፈተው በር በተግባር ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ታይቷል። ያለ መነሻ ልኬት ስለ ፍሳሽ መክሰስ ደግሞ፣ ድንበሩ ሳይካለል ስለ ማሳ እንደ መካሰስ ያለ ነገር ነው።

ቈጠራ በፍርድ ቤት ምን ያህል እንደሚረዳ ግን ከሌላ አገር ማየት ይቻላል፤ በሕንድ አገር፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ የቆዳ ፋብሪካዎች ፓላር በሚባለው ወንዝና በአካባቢው መሬት ላይ ፍሳሻቸውን ሲለቁ ኖረው፣ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ፣ ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት በ13 መንደሮች ያደረገው የጉድጓድ ቈጠራ ነበር፤ ከ467 ጉድጓዶች 350ው ተበክለው ተገኙ። ፍርድ ቤቱም እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1996፣ በካዩ ይከፍላል የሚለውንና ጥፋት ሳይደርስ መጠንቀቅ ይገባል የሚለውን መሠረተ ሐሳብ የአገሩ ሕግ ክፍል ናቸው ሲል ፈረደ። እኔ ከፍርዱ ይልቅ የማደንቀው ቈጠራውን ነው። በአገራችንም የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መውጫ በሌለው ሐይቅ አጠገብ ስለተተከለ፣ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት፣ ጠብታ እንኳ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ ታቅዷል፤ ወጪው ብርቱ ነው። ይህ ሐሳብ ለሐዋሳ ካስፈለገ፣ ከሐዋሳ ባልተለየ መልኩ የተዘጋ ተፋሰስ ላለው ለዚህ ለራያ ቆቦ ሜዳ የማያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም።

የራያ ቆቦ ሜዳ ዛሬ በወንዙ ላይ የተደረደረ ትልቅ ፋብሪካ የለውም። ያለው ከመሬት በታች ነው፤ ጎርፍ በብዙ ሺህ ዘመን ያመጣው ደለል ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ከዚያ እየሳቡ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ያጠጣሉ። የአገሩ ገበሬ ጎርፍን ጠልፎ ወደ ማሳው ማግባትን፣ በውኃ አባትም ዳኝነት ተራ መጠበቅን ከአባቶቹ ወርሷል፤ ብዛቱን ማካፈል ያውቅበታል፤ ጥራቱን የሚዳኝ ግን እስካሁን አልሾመም፤ የሚያስሾም ጕዳይም አልመጣበትም ነበር። አሁን ግን ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሀራ ገበያ የተጀመረው የባቡር መሥመር ወደ ደጁ ቀርቧል፤ ፋብሪካም ሐዲድን መከተሉ አይቀርም። በ2014 ዓ.ም. በኮምቦልቻም በቆቦም ላይ ያለፈው ጦርነት ፋብሪካውንም መሥሪያ ቤቱንም ስለጎዳው፣ ብዙ ሰው ፋብሪካ በቶሎ እንዲመጣ ይመኛል፤ ምኞቱ ነቀፋ የለበትም፤ የሥራ ያለህ የሚለው ወጣት በጎብዬ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይታያልና።

እንግዲህ የመጀመሪያው ፋብሪካ መሠረቱ ሳይጣል፣ ጎሊናን ከደጋው እግር ሥር አንድ ጊዜ፣ ከዋናው መንገድ በታች ሁለተኛ ጊዜ፣ ዞብልን አልፎ አፋር ሲገባ ሦስተኛ ጊዜ፣ በክረምትም በበጋም መለካት፤ ከሜዳው ጉድጓዶችም ጥቂቱን መርጦ ጨዉን፣ ናይትሬቱን፣ ክሮሙንና ዚንኩን መመዝገብ ይቻላል። ይህ ለአንድ ዩኒቨርሲቲና ለአንድ ክልል መሥሪያ ቤት የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ ወልዲያም ሆነች ደሴ ዩኒቨርሲቲ አላቸው። መዝገቡ ግን በባሕር ዳር ብቻ እንዲቀመጥ አልደግፍም። አንዱ ቅጂ በቆቦ፣ አንዱም በሰመራ ይኑር፤ ከዞብል በስተ ምሥራቅ ግመሉን የሚያጠጣው የአፋር አርብቶ አደር በዚህ ሜዳ የሚተከለውን ፋብሪካ ሲፈቀድ አይጠየቅም፤ ፍሳሹ ግን መጨረሻው እሱ ዘንድ ነው።