መስታወት ያላስቀራት ፀሐይ

‹‹ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው›› ይባላል፣ ማንም የማይስተው ነገር ሲነሳ። ዛሬ የማነሳላችሁ ግን በየቀኑ ፀሐይ እየሞቀ አገር ገና በቅጡ ያላወቀው ጉዳይ ነው።

ደጅ ስንወጣ ፀሐይን እንፈራታለን። ጥላ የያዘ ይዘረጋል፣ ነጠላ የለበሰች ትከናነባለች፣ ተማሪው ደብተሩን ግንባሩ ላይ ይደፋል። ቤት፣ ቢሮ ወይም መኪና ውስጥ ገብተን መስታወቱን ስንዘጋ ግን ‹‹እፎይ፣ ተገላገልን›› እንላለን። ለምን እንደዚያ እንደምናስብ ይገባኛል። መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ውሎ ቆዳው የተላጠ ሰው አላየንማ! የማያቃጥል ፀሐይ አይጎዳም ብለን ደምድመናል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከፀሐይ የሚመጣው፣ በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር በሦስት ይከፈላል። ‹‹ሲ›› የሚባለውን የኦዞን ንጣፍ ላይ ያስቀረዋል፤ እኛ ዘንድ አይደርስም። ‹‹ቢ›› የሚባለው የቆዳን የላይኛውን ክፍል የሚያቃጥለው ነው፤ በጎ ጎኑ ደግሞ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገውም እሱ ነው። ሦስተኛው ‹‹ኤ›› ነው። ምድር ላይ ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት 95 በመቶ ያህሉ ይሄ ነው። እንደ ‹‹ቢ›› ቶሎ አያቃጥልም፤ ግን ጠልቆ ይገባል። ቆዳን ወጥሮ የያዘውን ኮላጅን የሚባለውን ነገር ቀስ በቀስ ይበጣጥሳል፣ ያሸበሽባል፣ ያጠቁራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ሦስቱንም የአልትራቫዮሌት ዓይነቶች በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል።

እንግዲህ ተራው የመስኮት መስታወት ምን ያደርጋል? ‹‹ቢ››ን በአብዛኛው ያስቀረዋል። ‹‹ኤ››ን ግን ከግማሽ በላይ ያሳልፈዋል። ማለትም የሚያስቀርልን ማቃጠሉን፣ ማስጠንቀቂያውን ነው። ደወሉን ነቅሎ ሌባውን የሚያስገባ ዘበኛ በሉት።

የዚህን ሥራ በዓይን ማየት የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን የአንድ አሜሪካዊ ሾፌር ፎቶ ይመልከት። ሰውየው የ69 ዓመት ሰው ነው። 28 ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። የፊቱ ቀኝ ጎን እንደ ዕድሜው ነው፤ በመስኮቱ በኩል የነበረው ግራ ጎኑ ግን የተሸበሸበ፣ የወፈረና የተንጠለጠለ፣ የሌላ ሽማግሌ ፊት የተለጠፈበት ይመስላል። ፀሐዩ ያው አንድ ፀሐይ፣ ሰውየውም ያው አንድ ሰው። ልዩነቱ መስኮቱ ነው።

የመኪና ነገር ከተነሳ፣ የፊት መስታወትና የጎን መስታወት አንድ አይደሉም። የፊተኛው ሁለት መስታወት በመሃሉ ስስ ፕላስቲክ አስገብቶ የተጣበቀ ነው። ሲሰበር እንዳይበተን ተብሎ የገባው ያ ፕላስቲክ ‹‹ኤ››ን ጭምር ያስቀራል። የጎኑ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ንጣፍ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በ29 መኪኖች ላይ የተደረገ ልኬት የፊት መስታወቶቹ በአማካይ 96 በመቶ፣ የጎኖቹ ደግሞ 71 በመቶ የሚሆነውን ‹‹ኤ›› እንደሚያስቀሩ አሳይቷል። ከጎኖቹ መካከል 44 በመቶ ብቻ የሚያስቀር ተገኝቷል። እኛም እንደ አሜሪካኖቹ በቀኝ ስለምንነዳ ሾፌሮቻችን የሚቀመጡት በግራ ነው። መስኮቱ ላይ ፎጣ አንጠልጥሎ የሚነዳውን የሚኒባስ ሾፌር ስንቶቻችን ‹‹ምን ሆኖ ነው?›› ብለን አልፈነዋል! ሰውየው ሳይንሱን ባያነብም ክንዱ ነግሮታል። ብቻ ፎጣው የጎን እይታውን እንዳይጋርድበት እሰጋለሁ።

‹‹ይሄ እኮ የፈረንጅ ችግር ነው፤ እኛ ጥቁር ነን›› የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሜላኒን የተባለው የቆዳችን ቀለም ትልቅ ከለላ ነው፤ የቆዳ ካንሰር ጥቁር ሰው ላይ የሚታየው ከነጭ በጣም ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ማንንም ላስፈራራ አልተነሳሁም። ግን ከለላው ሙሉ አይደለም፤ የምንኖረውም ከባሕር ወለል አጠገብ አይደለም። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነው የምትቆመው። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን አናስተውላትም።

ማድያትን እንውሰድ። ጉንጭና ግንባር ላይ ወጥቶ ብዙ ሴቶችን፣ በተለይ ከእርግዝና ጋር ተያይዞ፣ የሚያስጨንቀው ጥቁረት ማለቴ ነው። ማድያት የጥቁርና የጠይም ቆዳ ጣጣ ነው፤ ጨረር ደግሞ ያባብሰዋል። ለቅባት ብዙ ብር ከፍላ፣ ፊቷን መስታወት ላይ ሰጥታ የምትውል ሠራተኛ በአንድ እጇ እየቀዳች በሌላው እያፈሰሰች ነው። ማድያትን ዓይናችን የሚያየው ተራው ብርሃንም ስለሚያነሳሳው ለእሷ የመስታወት ነገር ብቻ አይበቃትም። ቆዳ የሚመስል ቀለም ያለው፣ ብረት ኦክሳይድ የገባበት ሳንስክሪን ይሻላታል። ቆዳ ማንጫ ቅባት የሚጠቀሙማ የተፈጥሮ ጥላቸውን በገዛ እጃቸው እየገፈፉ ነው። ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም፣ ሉፐስ የተባለው ሕመም ያለበትም ከመስታወት ጀርባ ቢሆንም መጠንቀቅ አለበት።

የመስታወቱን ተንኮል ከሌላ ወገን የሚያሳየኝ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ሕይወታችን ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አራስ ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት ልጇን በተዘጋው መስኮት በኩል ስታሞቀው አይቼ ‹‹ለምን በረንዳ አትወጪም?›› አልኳት።

‹‹ንፋስ ይመታብኛል ብዬ ነው እንጂ! ፀሐዩ እንደሆነ ያው እዚህም ይገባል›› አለችኝ።

ሙቀቱስ ይገባል። ልጅ ፀሐይ የሚሞቀው ግን ለአጥንቱ ነው፤ አጥንቱን የሚያጠነክርለት ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በ‹‹ቢ›› ነው፤ ‹‹ቢ›› ደግሞ መስታወቱ ላይ ቀርቷል። ሕፃኑ የሚጠቅመውን ተነፍጎ የሚጎዳው ብቻ ደረሰው ማለት ነው። እናቶቻችን በር ላይ፣ ግቢ ውስጥ ያሞቁ ስለነበር ይህ ጥያቄ አልገጠማቸውም። እኛ ፎቅ ላይ ስንወጣ ልማዱን ይዘን ወጣን፤ መሃል ላይ መስታወት መግባቱን ግን አላሰብነውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መስኮቱን መክፈት ወይም ፀሐይዋ ሳትጠነክር በረንዳ ላይ ብቅ ማለት፣ ለስንት ደቂቃ የሚለውን ደግሞ ክትባት ስታስከትቡ የጤና ባለሙያዋን መጠየቅ።

ጉዳዩን እንድጽፈው ያስገደደኝ ግን ሌላ ነው። በአንድ ወቅት አብራኝ የሠራች አልቢኒዝም ያለባት ባልደረባ ነበረችኝ። አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ሜላኒን የላቸውም ወይም በጣም ትንሽ ነው ያላቸው። ለእነሱ ፀሐይ የውበት ጉዳይ አይደለችም፤ የቆዳ ካንሰር በለጋ ዕድሜ የሚመጣባቸው ናቸው። ብዙዎቹ ዓይናቸውም ይደክማል። መሥሪያ ቤታችን ለዓይኗ አስቦ፣ በቅንነት፣ ከሁሉ የተሻለ ብርሃን ያለበትን ጠረጴዛ ሰጣት፤ በሁለት ወገን መስታወት የሆነውን ጥግ። እሷ ባርኔጣዋን አጥልቃ፣ ነጠላዋን ደርባ ቢሮ ውስጥ ስትውል አንዳንዱ ይስቅ ነበር። መስታወቱ ላይ ጨረር የሚያስቀር ፊልም ይለጠፍልኝ ብላ ማመልከቻ ስታስገባ የተሰጣት መልስ ‹‹ጥላ ውስጥ ተቀምጠሽ ፀሐይ በዛብኝ ትያለሽ እንዴ?›› የሚል ነበር። ጥያቄዋ ‹‹የቢሮ ማስዋብ›› ተብሎ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ወራት ሄዱ። በመጨረሻ ራሷ ጠረጴዛዋን ገፍታ ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ ገባች፤ የጠረጴዛ መብራት ከቤቷ አመጣች። የክፋት ሰው አልነበረም፤ የጠፋው ዕውቀት ነው። ግን ዋጋውን የከፈለችው እሷ ናት።

ይህን ሳስብ ከተማችንን አያለሁ። ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ሰንጋ ተራ ስትሄዱ ግራ ቀኙ መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ባንኩ፣ ክሊኒኩ መስታወት ነው። መስታወቱ ሲገዛ የሚጠየቀው ስለ ቀለሙና ስለ ውፍረቱ ነው፤ ‹‹ጨረሩን ምን ያህል ያስቀራል?›› ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አላየሁም።

ቢጠየቅ መልስ አለው። እንደ መኪና የፊት መስታወት ፕላስቲክ በመሃሉ የገባበት ተጣባቂ መስታወት ለቤትና ለቢሮም ይሠራል፤ ‹‹ኤ››ን በአብዛኛው ያስቀራል። አዲስ መስታወት መግዛት ከባድ ከሆነ በነበረው ላይ የሚለጠፍ ፊልም አለ፤ ጥሩው 99 በመቶ ያህል ያስቀራል። እዚህ ላይ አትታለሉ፤ የመስታወት መጥቆርና ጨረር ማስቀረት ለየቅል ናቸው። ጥቁር ሆኖ ጨረሩን የሚያሳልፍ አለ፤ ጥርት ብሎ ጨረሩን የሚያስቀር አለ። ለመኪና ከሆነማ ጥቁሩ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሊያነታርካችሁ ይችላልና ጥርት ያለውን ፈልጉ፣ ደንቡንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሻጩን ማመን ካቃታችሁ ገንዘብ ተቀባዮች የብር ኖት የሚያረጋግጡበት ሐምራዊ መብራት ይረዳችኋል። እሱም የሚያወጣው ‹‹ኤ››ን ነው። በመብራቱና በብር ኖቱ መሃል ተራ መስታወት ብታስገቡ ኖቱ ላይ ያለው ምልክት ማብራቱን አይተውም። ፊልም የተለጠፈበትን ስታስገቡ ግን ምልክቱ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ፊልሙ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው። መቶኛውን በትክክል ባይነግራችሁም ባዶ ላስቲክ ከመግዛት ያድናችኋል። መብራቱን ግን በዓይናችሁ አትዩት።

አቅም የለኝም ለሚል ደግሞ ነፃው መላ አለ። ጠረጴዛን ከመስኮት ሜትር ሁለት ሜትር ማራቅ፣ ወፈር ያለ መጋረጃ መጋረድ፣ እጅጌ ያለው ልብስ መልበስ። በምሥራቅ በኩል ያለ መስኮት ጠዋት፣ በምዕራብ ያለው ከሰዓት በኋላ ይጋረድ። ደመና ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ ‹‹ኤ›› ደመናን አልፎ ይመጣል።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። አልቢኒዝም ያለበት ሠራተኛ ወይም ተማሪ ካላችሁ የት ላስቀምጥህ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት። በዓመት አንድ ቀን፣ ሰኔ 6፣ ‹‹የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን›› ተብሎ በዓለም ዙሪያ ይከበራል። መፈክር ከማሰቀል በፊት መስኮቱ ላይ ፊልም ማስለጠፍ ይቀድማል። ብርሃኑ ይግባ፤ ጨረሩ ውጭ ይቅር።