ያውቁ ኖሯል? ያለ ተጨማሪ ሜሞሪ ጽሑፍ ማቀናበር

አርዱይኖ ኡኖ አር3 የተባለችው ትንሽ ቦርድ ለጊዜያዊ መረጃ ያላት ሜሞሪ 2048 ባይት ብቻ ነው። «ሙቀት፦ 24» ብሎ ለማሳየት በየጊዜው አዲስ ሜሞሪ የሚጠይቅ ፕሮግራም ያቺኑ ቦታ በታትኖ ሊጨርሳት ይችላል።

መላው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የሲ ቋንቋ ስታንዳርድ የተካተተው ኤስኤንፕሪንትኤፍ (snprintf) የተባለው ፈንክሽን አስቀድሞ በተዘጋጀ ቦታ ላይ ብቻ ይጽፋል፤ ከተሰጠው መጠን አያልፍም። ይበልጥ የሚደንቀው የሚመልሰው ቁጥር ነው፦ ቦታው ቢጠብበትም ሙሉው ጽሑፍ፣ መጨረሻውን ከሚያመለክተው የማብቂያ ዜሮ ሌላ፣ ስንት ባይት እንደሚፈልግ ይናገራል።

አማርኛ ሲሆን ግን ሒሳቡ ይለያል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት ኮድ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ «ሰላም» ከማብቂያው ዜሮ ጋር 10 ባይት ነው። 9 ብቻ ከተሰጠው «ም» ከመሃሉ ይቆረጣል፤ አንባቢውም በፊደሉ ፋንታ የተበላሸ ምልክት ያያል።