ዘውድ ደፍቶም ከመቅደስ ያልወጣው ንጉሥ

ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከፍታው ከ4,200 ሜትር በሚያልፈው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር አንድ ሰፊ ዋሻ አለ። በዋሻው ውስጥ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ግድግዳው በኖራ የነጣ ድንጋይና የጠቆረ እንጨት እየተፈራረቁ የተነባበሩበት፣ የአክሱም ጥበብ የሚታይበት ሥራ ነው። ከላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ቀድሞ እንደተሠራ ይነገርለታል። የሚጠራውም ባሠራው የዛግዌ ንጉሥ በይምርሐነ ክርስቶስ ስም ነው።

ይህ ሰው ንጉሥም ቄስም ነበር።

ገድሉ እንደሚተርከው፣ አጎቱ ንጉሥ ጠንጠውድም ዙፋኑን እንዳይወርስበት ስለሰጋ ሊገድለው ፈለገ። ወጣቱ ሸሸ፤ በስደቱም ክህነት ተቀበለ። አጎቱ ሲሞት ግን መንግሥቱ ወደ እሱ መጣ።

ዘውድ የደፋ ሰው መቅደሱን ለካህናት ትቶ በክብር ቦታው ቆሞ ያስቀድሳል እንጂ ይቀድሳል ተብሎ አይጠበቅም። የቅስና ሕይወት ደግሞ ከቤተ መንግሥት ወግ ጋር አይስማማም። ነገሥታት ለወዳጅነትና ለሥልጣን ሲሉ ብዙ ሚስት ሲያገቡ፣ ቄስ በአንዲት ሚስት ይጸናል፤ ብትሞትበት እንኳ ክህነቱን ይዞ ሌላ ማግባት አይችልም። ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ፤ ሁሉም ጾመው ነው የሚገቡት። የአካባቢው የላስታ ሰዎች እንደሚሉት ይምርሐነ ክርስቶስ ይህን አገልግሎት ከነገሠም በኋላ አልተወም፤ አገሩንም በቤተ ክርስቲያን ሕግ አስተዳደረ። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ላስታን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ስለ ንጉሡ ክህነት የሰማውን ጽፎ አልፏል።

የዛግዌ ነገሥታት በዘር ሐረግ ሲነቀፉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ከነገሠ በኋላ፣ ከሰሎሞን ዘር አይደሉም ተብለው እንደ ዙፋን ነጣቂ ተቆጠሩ። ቤተ ክርስቲያን ግን ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ሐርቤን፣ ላሊበላንና ነአኩቶ ለአብን በቅድስና ታስባቸዋለች። በዘራቸው ያልተሰጣቸው ክብር በሕይወታቸው ተሰጣቸው።

ይምርሐነ ክርስቶስ በዙፋንና በክህነት መካከል እንደቆመ ሁሉ፣ ዛሬም የላስታ ልጅ በቤተሰብ ምኞትና በውስጡ በሚሰማው ጥሪ መካከል ይቆማል። ዜማና ቅኔ የሚወደውን የአብነት ተማሪ ዘመድ ‹‹ይህ እንጀራ አይሆንህም›› ይለዋል፤ ሒሳብ የሚቀናውን ደግሞ የአባቱን ሞፈር እንዲይዝ ይጫኑታል። በላሊበላ ቀን እንግዳ እያስጎበኙ ሌሊት ማሕሌት የሚቆሙ ዲያቆናት አሉ፤ ኑሯቸውን ሲያሸንፉ አገልግሎታቸውን አልጣሉም። የይምርሐነ ክርስቶስም ታሪክ ሥራና ሹመት ሲመጣ እምቢ በሉ አይልም። እሱ መንግሥቱን ተቀብሎ በክህነቱ አስተዳደረው።

ስለዚህ ወላጆች፣ የልጃችሁን ዕጣ ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቁት፤ ማንም ሳያዝዘው ደስ ብሎት የሚሠራውንም ልብ ብላችሁ ተመልከቱ።